ባለብዙ ዕቃው የሥዕል ሣጥን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይበቃል?

ክዳኑ ሲከፈት በግራና በቀኝ የሚዘረጋ፣ ከእንጨት ወይም ከአልሙኒየም የተሠራ፣ ውስጡ ከመቶ በላይ ዕቃ የተደረደረበት የሥዕል ሣጥን አለ። ልጅ ሥነ ጥበብን በሁለተኛ ደረጃ መርጦ መማር ሲጀምር የወላጅ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ያጓጓል። የቀለም እርሳሱ ከቢጫ እስከ ጥቁር ተሰልፎ፣ ፓስቴሉ (እንደ ጠመኔ በዱላ መልክ የተሠራው ቀለም) ከጎኑ ተኝቶ፣ የውሃ ቀለሙ ክብ ክብ ሆኖ ሲታይ የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ይህ ሣጥን መሣል ለሚወድ የአሥር ዓመት ልጅ መልካም ስጦታ ነው። ሥነ ጥበብን እንደ ትምህርት ይዞ ሥራው በነጥብ ለሚመዘን ተማሪ ግን አይበቃም። ከዚያ ሁሉ ዕቃ እስከ ትምህርቱ መጨረሻ የሚያገለግለው የዘይት ፓስቴሉ፣ በከፊልም የቀለም እርሳሱ ነው። አብዛኛው ቀሪ ቁጥር ለማብዛት የገባ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ደግሞ ጭራሽ ሣጥኑ ውስጥ የለም።

ትምህርቱ ከተማሪው የሚጠይቀው ከፊቱ የተቀመጠውን ነገር በትክክል አይቶ መንደፍን፣ ብርሃንና ጥላን መለየትን፣ ቀለም ደባልቆ የፈለገውን ማውጣትን ነው። ከዚያም አንዱን ሐሳብ በተለያየ መሣሪያ እየሞከረ፣ ሙከራውን በንድፍ ደብተር እያሰፈረ፣ ወደ አንድ የተጠናቀቀ ሥራ ማድረስ ይጠበቅበታል። በብዙ የትምህርት ሥርዓቶች ነጥብ የሚሰጠው ለመጨረሻው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ወደዚያ ላደረሰው መንገድም ነው። ስለዚህ አንድን ዕቃ ስንመዝን የምንጠይቀው ስንት ቀለም እንዳለው አይደለም። እጅ ሲጫነውና ሲለቀው ልዩነቱን ያሳያል ወይ? ቀለሙ ከሌላው ጋር ሲደባለቅ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል ወይ? ደግሞ ደጋግሞ መታረምን ይችላል ወይ? ሣጥኑን በዚህ ዓይን እናየዋለን።

ከተራው እርሳስ እንጀምር። ሣጥኑ ውስጥ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ይገኛሉ፤ ደረጃቸውም ኤችቢ ነው። ልኩን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። 14 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሰቅ በወረቀት ላይ ይሠመርና 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው 7 ሳጥኖች ይከፈላል። የመጀመሪያው ነጭ እንደሆነ ይቀራል፤ ከሁለተኛው ጀምሮ እያንዳንዱ ከቀደመው ትንሽ እየጠቆረ ሄዶ ሰባተኛው ድቅድቅ ጥቁር መሆን አለበት። በኤችቢ ብቻ የተሠራ ሰቅ አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ እጅ ቢበረታም ወረቀቱ ይጎደጉዳል፣ ላዩም ያብለጨልጫል እንጂ አይጠቁርም። ምክንያቱ እርሳሱ የተሠራበት ነገር ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ እ.ኤ.አ. በ1795 የግራፋይት ዱቄትን ከሸክላ ጋር ለውሶ በእቶን መተኮስን ካስተዋወቀ ወዲህ የእርሳስ ጥንካሬ የሚወሰነው በሁለቱ መጠን ነው፤ ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ መስመሩም ይገረጣል፤ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራልም። ኤችቢ መካከለኛው ነው፤ ለጽሕፈት ይመቻል፣ ጥላ ለመጣል ግን አቅም ያንሰዋል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አራት እርሳስ ይበቃል፤ ኤችቢ፣ 2ቢ፣ 4ቢ እና 6ቢ፤ ከቢ ፊት ያለው ቁጥር ሲጨምር እርሳሱ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራልም። ለመጀመሪያው ንድፍ ኤችቢን ሳይጫኑ፣ ለመካከለኛው ጥላ 2ቢን፣ ለጠቆረው 4ቢን፣ ከዕቃው ሥር ላለው እጅግ ጥቁር ቦታ 6ቢን መጠቀም ነው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው በ6ቢ ጀምሮ በኋላ ለማረም ሲሞክር ነው፤ ለስላሳ እርሳስ ሲጠፋ ወረቀቱ ላይ ግራጫ ይቀባል፣ ንጹሑ ነጭም ተመልሶ አይገኝም። እርሳስ ሲገዛ ከጫፉ በኩል ይታይ፤ ጥቁሩ ዘንግ ከእንጨቱ መሐል ላይ መቀመጥ አለበት። ወደ ጎን ካዘነበለ በተቀረጸ ቁጥር ይሰበራል። መሬት የወደቀ እርሳስም ውስጥ ውስጡን ስለሚሰነጠቅ እንደዚያው ነው።

ሣጥኑ ውስጥ ያለው መቅረጫ አጭር ሹል ያወጣል። ያ ለቀጭን መስመር ይሆናል፣ ለጥላ ግን አይመችም። በስለት ተቀርጾ ጥቁሩ ዘንግ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲወጣ እርሳሱን አስተኝቶ በጎኑ ሰፊ ቦታ መሸፈን ይቻላል። ላጲሱም ጠንካራ ከሆነ ወረቀት ይልጣል። እንደ ሊጥ የሚታሽ ግራጫ ላጲስ አንድ ይጨመርበት፤ እሱ ወረቀቱን ሳይፈገፍግ እየተጫኑ ሲያነሡት ግራፋይቱን ይዞ ይወጣል። በጠርሙስ ንድፍ ላይ የብርሃን ነጸብራቅ የሚወጣው በዚህ ነው፤ መጀመሪያ ቦታው ሁሉ በጥላ ይሸፈናል፣ ከዚያ ላጲሱ እንደ እርሳስ ጫፍ ተሾሎ ነጭ መሆን ባለበት ቦታ ላይ አንዴ ተጭኖ ይነሣል።

ከሰል በሣጥኑ ውስጥ አለመኖሩ ትልቅ ጉድለት ነው። አየር በማያገኝበት ተቃጥሎ የተሠራው የአኻያ ቀጭን ከሰል በእጅ ሲዳሰስ የሚጠፋ፣ በጨርቅ ተጠርጎ እንደገና የሚጀመር ነው። ከመስመር ይልቅ ስፋትን፣ ከዝርዝር ይልቅ ጠቅላላ ቅርጽን ስለሚያስተምር ለጀማሪ እንደ እሱ ያለ አስተማሪ የለም። ሥራው ሲያልቅ ፊክሳቲቭ (ከሰሉ እንዳይረግፍ የሚይዝ የሚረጭ ፈሳሽ) ይነፋበታል፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ሁለት ወይም ሦስት ስስ ንብርብር፣ በየመሐሉ እያደረቁ። አንድ ጊዜ ብዙ ከተነፋ ጠብታው ከሰሉን ይዞ ይወርዳል። መነፋት ያለበት ከቤት ውጭ ነው፤ ክፍል ውስጥ መስኮት መክፈት ብቻ አይበቃም።

የቀለም እርሳሶቹ በቁጥር ሞልተዋል፤ 24 ወይም 36 ይሆናሉ። በርካሽ ስብስብ ውስጥ ማያያዣው ሰም ስለሚበዛና የቀለሙ ዱቄት ስለሚያንስ ሁለት ሦስት ንብርብር ከተቀባ በኋላ ወረቀቱ ያንሸራትታል፣ ሌላ ቀለም አይቀበልም። ይህን አውቆ ለሚጠቀም ግን ከንቱ አይደሉም። ከመጀመሪያው ጠንክሮ አለመጫን፣ ከነጣ ቀለም ተነሥቶ ወደ ጠቆረው በስሱ መደራረብ፣ መጫንን ለመጨረሻው ንብርብር ማቆየት። ለጥላ ጥቁሩን ከማንሣት የዚያኑ ቀለም ተቃራኒ በስሱ መደረብ ይሻላል፤ በቀይ ፖም ጥላ ላይ ትንሽ አረንጓዴ፣ በብርቱካን ላይ ትንሽ ሰማያዊ። ሥራው ከቀናት በኋላ ነጣ ያለ ጉም የመሰለ ነገር ካበቀለ ሻጋታ አይደለም፤ ሰሙ ወደ ላይ ወጥቶ ነው፣ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብሎ ሲጠረግ ይለቃል። ለቀለም ጥናት፣ በንድፍ ደብተር ላይ ለሚሠሩ ትንንሽ ሥዕሎች ይቆዩ። ለትልቅ ሥራ ግን ጊዜ ይፈጃሉ፤ ኤ3 ወረቀት (የኤ4 እጥፍ) በቀለም እርሳስ መሙላት የሰዓታት ሥራ ነው።

የዘይት ፓስቴሉ የሣጥኑ ምርጥ ዕቃ ነው። ለተማሪ ተብሎ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1925 በጃፓን ነው፤ ዛሬም በርካሽነቱ እየተናቀ ሳለ ከሚያስወጣው ገንዘብ በላይ ይሰጣል። ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ባለ ቀለም ወረቀት ላይ ሳይቀር ይታያል፣ ከአቧራም ነጻ ነው። ሁለት ቀለም ተደራርቦ በጣት ሲታሽ ይዋሃዳል። ጠቆር ያለው በነጣው ላይ ተቀብቶ በጥርስ እንጨት ወይም በብሩሽ ጭራ ሲጫር ሥሩ ያለው ቀለም ብቅ ይላል፤ ሣር፣ ፀጉር፣ የተሸመነ ጨርቅ በዚህ መንገድ ያምራሉ። በፓስቴል መስመር ተሥሎ በላዩ የውሃ ቀለም ሲፈስ ደግሞ ቅባቱ ውሃውን ስለሚገፋ መስመሩ ነጥሮ ይቀራል። አንድ ተማሪ ለደብተሩ «በአንድ ዕቃ ሦስት ሙከራ» ቢፈልግ እነዚህን ሦስቱን በአንድ ገጽ ላይ መሥራት ይችላል።

ጠባዩን ማወቅ ግን ግድ ነው። የዘይት ፓስቴል ሙሉ በሙሉ አይደርቅም። ሌላ ወረቀት ቢነካው ይዛመታል፣ ደብተር ውስጥ ተዘግቶ ቢቀመጥ ፊት ለፊቱ ያለውን ገጽ ያበላሻል። ስለዚህ በመሐል ቅባት የማይዘልቀው ልሙጥ ወረቀት ይገባበታል፤ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀትም ይሠራል። ፊክሳቲቭ ላዩን ትንሽ ቢይዘውም አያደርቀውም። ከቢጫው ጫፍ ላይ የተያዘ ጥቁር ካለ በየጊዜው በጨርቅ ይጠረግ፤ አለበለዚያ ቢጫው የሚነካውን ሁሉ ጭቃ ያደርገዋል። እነዚህን ካከበሩ ግን ሌላ ሙሉ ስብስብ መግዛት አያስፈልግም፤ ቶሎ የሚያልቁትን ነጩንና ጥቁሩን ብቻ ነጠላ እየገዙ መተካት ይበቃል።

አሁን ወደ ውሃ ቀለሙ። እዚህ ላይ ሣጥኑ በጣም ያሳዝናል፤ ተማሪው ችሎታ የለኝም ብሎ ተስፋ የሚቆርጠውም እዚሁ ነው። የውሃ ቀለም ሁለት ዋና ነገር ይዟል፤ የቀለም ዱቄትና ከግራር ዛፍ የሚገኝ ሙጫ። በርካሹ ላይ ሦስተኛ ነገር ይጨመራል፣ ኖራ የመሰለ መሙያ። ለዚህ ነው በብሩሽ ተነክሮ ሲቀባ ድፍርስ የሚሆነው፣ ሲደርቅም የሚነጣውና በጣት ሲነካ ዱቄት የሚተወው። ማንኛውም የውሃ ቀለም ሲደርቅ ጥቂት ይነጣል፤ የዚህ ግን ከእጥፍ በላይ ይመስላል። ፈተናው ይኸው፦ በወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ መስመር ተሠምሮ ከደረቀ በኋላ በላዩ ቢጫ ይቀባ። ጥሩ ቢጫ እንደ መስታወት አልፎ ጥቁሩ ጥርት ብሎ ይታያል። መሙያ የበዛበት መስመሩን በነጭ ጉም ይሸፍነዋል። ብርሃን በቀለሙ አልፎ ከነጩ ወረቀት ተንጸባርቆ መመለሱ የውሃ ቀለም ውበት ሁሉ ነው፤ ጉሙ ያንን ይገድለዋል።

ብዛቱም አያታልል። በ24 ቀለም ሳጥን ውስጥ አረንጓዴው አምስት፣ ቡናማው አራት ሆኖ ሳለ ከእነዚያ ብዙዎቹ ሁለት ሦስት ዱቄት የተደባለቀባቸው ናቸው። የተደባለቀ ቀለም ከሌላ ከተደባለቀ ቀለም ጋር ሲገናኝ ውጤቱ ጭቃ ነው። ተማሪው የሚያስፈልገው ጥቂት፣ እያንዳንዱም ከአንድ ዱቄት ብቻ የተሠራ ቀለም ነው። ይህ ከቱቦው ወይም ከቁራጩ መጠቅለያ ላይ ይነበባል። የአምራቹ የቀለም ስም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፤ የማይለወጠው ኮዱ ነው። ኮዱ በፒ (P) ፊደል ይጀምርና የቀለሙን ፊደልና ቁጥር ያስከትላል፤ ለምሳሌ ፒዋይ 3 የሚጻፈው PY3 ተብሎ ነው። ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ቀዝቃዛ ቢጫ ፒዋይ 3፣ ወደ ብርቱካን የሚያደላው ሞቃት ቢጫ ፒዋይ 65፣ ወደ ብርቱካን የሚያደላው ሞቃት ቀይ ፒአር 254፣ ወደ ሮዝ የሚያደላው ቀዝቃዛ ቀይ ፒቪ 19፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ሰማያዊ ፒቢ 29፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ሰማያዊ ፒቢ 15። ሰባተኛ ሆኖ የተቃጠለ አፈር የሚመስለው ቡናማ፣ ፒቢአር 7፣ ይጨመር። በእነዚህ ሰባት የማይወጣ የትምህርት ቤት ሥራ አናውቅም። ሣጥኑ ላይ ኮድ ከሌለ ውስጡ ምን እንዳለ አምራቹ ሊነግረን አልፈለገም ማለት ነው፤ ያንን መተው ነው።

ሁለት ሁለት ለምን? ንጹሕ ሐምራዊ ለማውጣት የሞከረ ተማሪ ሞቃቱን ቀይ ከሰማያዊ ጋር ሲያዋህድ ቡናማ ያዘለ ነገር ያገኛል። ሞቃት ቀይ ውስጥ ቢጫ ጠባይ አለ፤ ቢጫ ደግሞ የሐምራዊ ተቃራኒ ስለሆነ ያደበዝዘዋል። በፒቪ 19 እና በፒቢ 29 ሲሠራ ግን ሐምራዊው ያበራል። ለሚያበራ አረንጓዴም ፒዋይ 3 ከፒቢ 15 ጋር ነው፤ ለደረቀ ሣር ወይም ለወይራ ቅጠል የሚሆን ፈዛዛ አረንጓዴ ከተፈለገ ፒዋይ 65 ከፒቢ 29 ጋር። ማደብዘዝም ችሎታ ነው፣ ሆን ተብሎ ሲደረግ።

ሣጥኑ ውስጥ ያለው ጥቁር ደግሞ ለጥላ የሚጎትት ወጥመድ ነው። በምትኩ በነጭ ሰሐን ላይ ይህን ይሞክሩ። በአንድ በኩል ፒቢ 29 በውሃ ይበጠበጥ፣ በሌላው ፒቢአር 7። በብሩሽ ከሰማያዊው ወደ መሐል ይጎተት፣ ብሩሹ ይታጠብ፣ ከቡናማው ጥቂት ይጨመር። መጀመሪያ የአውሎ ነፋስ ደመና የመሰለ ሰማያዊ ግራጫ ይወጣል። ቡናማው ትንሽ ሲጨመር ግራጫው ወገንተኛ መሆኑን ይተዋል፤ የሲሚንቶ ወለል ይመስላል። ሌላ ጠብታ ቡናማ ሲገባ ይሞቃል፣ የአሮጌ እንጨት መልክ ይይዛል። ውሃው ሲቀንስ ያው ድብልቅ ጥቁር ይሆናል። በአንድ ሰሐን ላይ የብረት ጥላ፣ የግድግዳ ጥላ፣ የእንጨት ጥላ ተገኘ፤ ሁሉም ከአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ በሥዕሉ ውስጥ አይጣሉም። ሰሐኑ ነጭ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ ከሣጥኑ ጋር የሚመጣው ግልጽ ፕላስቲክ የጠረጴዛውን ቀለም ስለሚያሳይ ዓይንን ያስታል።

ብሩሾቹን በተመለከተ ልል ቃል አይገባም፤ ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ይጣሉ። ፀጉራቸው ጠንካራ ናይሎን ወይም ሹል የማይሆን ገለባ ሆኖ ውሃ አይዝም፤ ይረግፋል፣ የረገፈውም ቀለም ውስጥ ተጣብቆ ይደርቃል። ብሩሽ የሚፈተነው በንጹሕ ውሃ ነው፤ ነክሮ አንዴ በእጅ አንጓ ሲወዘወዝ ፀጉሩ ተሰብስቦ አንድ ጫፍ ማውጣት አለበት። ሁለት ጫፍ ካወጣ ወይም እንደ መጥረጊያ ከተበተነ አይገዛም። በወረቀት ላይ ተጭኖ ሲነሣም ወደ ቀጥታው መመለስ ይኖርበታል። ለተማሪ ከሰው ሠራሽ ፀጉር የተሠሩ ሦስት ብሩሾች ይበቃሉ፤ ክብ ቁጥር 4፣ ክብ ቁጥር 10፣ እና 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠፍጣፋ። ትልቁ ክብ ብሩሽ ጫፉ ከሾለ ቀጭን መስመርም ያወጣል፤ ትንንሽ ብሩሽ መሰብሰብ ሥራን ያሳንሳል፣ ተማሪውም ሥዕሉን ከመቅባት ይልቅ መነካካት ይለምዳል።

ብሩሽ የሚሞተው በሥራ ብዛት ሳይሆን በአያያዝ ነው። በውሃ ብርጭቆ ውስጥ ቆሞ ሲያድር ጫፉ ይጎብጣል፤ ውሃው በብረቱ አንገት ገብቶ እንጨቱን ያሳብጠዋል፣ ሲደርቅ እንጨቱ ይኮማተርና አንገቱ ይላላል፣ የእጀታው ልባጥም ይላጣል። ከሥራ በኋላ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃና በሳሙና መዳፍ ላይ እየተሸ አረፋው ነጭ እስኪሆን መታጠብ፣ ጫፉን በጣት አሹሎ አጋድሞ ማድረቅ ነው። ለአክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን፣ ከደረቀ በኋላ ግን በውሃ የማይሟሟ ቀለም) የሚሆኑት ብሩሾች ለብቻ ይያዙ። አክሪሊክ አንገቱ ውስጥ አንዴ ከደረቀ ብሩሹን የሚያድን ነገር ጥቂት ነው።

ከብሩሽም፣ ከቀለምም በላይ የሚያስቆጨው ሣጥኑ ውስጥ ወረቀት አለመኖሩ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ የግድ ከሆነ በቀለሙ ይቆጠብ፤ በወረቀቱ ግን አይሆንም። መካከለኛ ቀለም በጥሩ ወረቀት ላይ ደኅና ሥራ ይሰጣል፤ ምርጥ ቀለም ግን በፎቶ ኮፒ ወረቀት ላይ ምንም አይሆንም። የፎቶ ኮፒ ወረቀት በአንድ ካሬ ሜትር 80 ግራም ነው። ውሃ ሲነካው ይጎረብጣል፣ ቀለሙ በጉድጓዱ ይጠራቀማል፣ ሁለተኛ ንብርብር ሲቀባ ላዩ እንደ ጥጥ ይነሣል። ለውሃ ቀለም ልኩ 300 ግራም ነው፤ ላዩ በመጠኑ የሻከረ። ለእርሳስና ለከሰል ከ140 እስከ 160 ግራም ይበቃል፤ ልሙጡ ለዝርዝር እርሳስ፣ ሻካራው ለከሰል። ማሸጊያው ላይ አሲድ አልባ መሆኑ ካልተጻፈ ሥራው በጥቂት ዓመት ወደ ቢጫ ሊለወጥ ይችላል።

300 ግራሙ ከአቅም በላይ ከሆነ 200 ግራም ወረቀትን ወጥሮ መጠቀም ይቻላል። ሥራው ትዕግሥት እንጂ ችሎታ አይጠይቅም። ከወረቀቱ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ፣ ያልተቀባ የእንጨት ሰሌዳ ይዘጋጅ። ውሃ ሲነካው የሚጣበቅ ቡናማ የወረቀት ፕላስተር አራት ቁራጭ አስቀድሞ ይቆረጥ፤ በኋላ እርጥብ እጅ ከነካው ጥቅሉ ሁሉ ይበላሻል። ወረቀቱ በቀዝቃዛ ውሃ ለ3 ደቂቃ ያህል ይነከር፣ በአንድ ጥግ ተይዞ ውሃው ይንጠፍጠፍ፣ ሰሌዳው ላይ ይዘርጋ፣ አየሩም ከመሐል ወደ ዳር በንጹሕ ስፖንጅ ይገፋ። ፕላስተሩ ግማሹ ወረቀቱን፣ ግማሹ ሰሌዳውን እንዲይዝ አራቱም ጎን ይለጠፍ። ከዚያ አግድም ተኝቶ ይደር። አቁሞ ማድረቅ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ውሃው ወደ ታች ስለሚወርድ የታችኛው ፕላስተር ይለቃል። በእሳት ወይም በፀጉር ማድረቂያ ማጣደፍም ወረቀቱን ከፕላስተሩ ቀድሞ ያደርቀውና ያላቅቀዋል። ተራ የፕላስቲክ ፕላስተር እርጥብ ወረቀት አይዝምና አይሞከር። ሥራው ተጠናቆ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ብቻ ዙሪያው በስለት ይቆረጣል።

ማርከሮቹ ብዙ አያወያዩንም። ከወረቀቱ ጀርባ ያልፋሉ፤ አብዛኞቹ የሚሠሩት ውሃ ውስጥ ከሚሟሟ ማቅለሚያ ስለሆነ ብርሃን ላይ ከቆዩ ይደበዝዛሉ። በደብተር ላይ ለማስታወሻ፣ ለፈጣን የቀለም ዕቅድ ይሁኑ፤ ለሚመዘን ሥራ ግን አይሁኑ።

አክሪሊክ በሣጥኑ ውስጥ ቢኖርም ጣት በምታክል ቱቦ ነው፤ አንድ ኤ3 ሥራም አይሸፍንም። የመጨረሻው ሥራ ብዙ ጊዜ ኤ2፣ ማለትም 42 በ59.4 ሴንቲ ሜትር፣ ይሆናልና ተማሪው አንድ የሚሸፍን ቀለም ያስፈልገዋል። የጊዜውም ነገር አለ። በካምብሪጅ አይጂሲኤስኢ (በብዙ አገሮች የሚሰጥ የእንግሊዝ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና) የሥነ ጥበብና ዲዛይን ፈተና የመጨረሻው ሥራ በክትትል ሥር በ8 ሰዓት ውስጥ ይጠናቀቃል። የዘይት ቅብ በዚያ ጊዜ አይደርቅም፤ ስስ የአክሪሊክ ንብርብር ግን በ20 ደቂቃ ገደማ ይደርቅና ሌላ ይቀበላል። ከላይ በጠቀስናቸው ኮዶች አምስት ስድስት ቱቦ፣ ነጩ ደግሞ የሌሎቹ እጥፍ ይገዛ፤ ነጭ ሁልጊዜ ቀድሞ ያልቃል። ከውሃ ቀለም በተቃራኒ አክሪሊክ ሲደርቅ ጥቂት ይጠቁራል፤ ማያያዣው እርጥብ ሳለ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ሲደርቅ ስለሚጠራ ነው። ስለዚህ የፊት ቀለም ከተደባለቀ በኋላ በወረቀት ጫፍ ላይ ተቀብቶ ደርቆ ይታይ፣ ከዚያ ወደ ሥራው። ሰሐኑ ላይ እንዳይደርቅ በቀለሙ ሥር እርጥብ ጨርቅና በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ማንጠፍ ሰዓታት ያቆየዋል።

ሣጥኑ ራሱስ? የፕላስቲኩ መደርደሪያ ለእያንዳንዱ ዕቃ በልኩ የተቦረቦረ ስለሆነ እርሳሱ ሲያጥር ይፈታል፣ ፓስቴሉ ሲሰበር ይበተናል፤ ከሌላ አምራች የተገዛ ምትክም አይገባበትም። ሲዘረጋ ደግሞ የጠረጴዛውን ግማሽ ይወስዳል፤ በክፍል ውስጥ ለወረቀቱ ቦታ አይተርፍም።

ገና ያልገዛ ሰው ያንኑ ገንዘብ እንዲህ ያውለው፦ ግማሹን ለወረቀትና ወፍራም ሽፋን ላለው ኤ4 የንድፍ ደብተር፣ ከቀረው ላይ ሰባቱን የውሃ ቀለሞች፣ ሦስቱን ብሩሾች፣ አራቱን እርሳሶች፣ ላጲሱን፣ አንድ ፓኬት ከሰልና አንድ የዘይት ፓስቴል። አክሪሊኩ የመጨረሻው ሥራ ሲቃረብ ይደርሳል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ካልተቻለ የሚቀድሙት እርሳሱ፣ ደብተሩና ከሰሉ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት የንድፍ ናቸውና።

ሣጥኑ በስጦታ ቤት ገብቶ ከሆነም አይጣልም። የፕላስቲኩ መደርደሪያ ተነቅሎ ይውጣ። ባዶው ሣጥን ቱቦውን፣ የብሩሽ ጥቅሉንና ትንሽ የውሃ ጠርሙስ ይይዛል። ፓስቴሉና የቀለም እርሳሱ በየራሳቸው የጨርቅ ከረጢት ይመለሱ። የውሃ ቀለሙ ለቤት ታናናሾች ይሰጥ፤ እነሱን ያስደስታል። ክዳኑ ላይ ከውስጥ በኩል ንጹሕ ነጭ ወረቀት ይለጠፍና የሰባቱ ቀለሞች ድብልቅ በየኮዱ ይቀባበት፣ ከሥሩም የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተዋሐደ በእርሳስ ይጻፍበት። ሣጥኑ በተከፈተ ቁጥር ተማሪው የሚያየው በገዛ እጁ የሠራውን የቀለም ሠንጠረዥ ይሆናል።